ግጥሙን ማን ሰጠሽ?

አዲስ ዘፈን ለሰው ባሰማሁ ቁጥር የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። «ግጥሙን ማን ሰጠሽ?» የራሴ ነው ስል «ዜማውስ?» ይከተላል። እሱም የኔ ነው። «አቀናባሪሽ ማነው?» ክራሩን ራሴ እመታለሁ፤ ሌላውን እቤት ኮምፒውተር ላይ እየሞከርኩ እሠራለሁ። እዚህ ላይ ሲደርስ ሰዉ ያዝንልኛል። የሚረዳኝ ሰው ያጣሁ ይመስለዋል።

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ ያደግነው የካሴት ሽፋን እያነበብን ነው። ውስጡ በደቃቅ ፊደል ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ይላል። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ዩቲዩብ መጣ፤ ዝርዝሩ ግን ከቪዲዮው ሥር ሆኖ ቀጠለ። ድምፃዊ ማለት ሌላ ሰው የጻፈውን፣ ሌላ ሰው ዜማ ያወጣለትን፣ ሌላ ሰው ያቀናበረውን ይዞ ማይክ ፊት የሚቆም ሰው ሆነ። በዚህ መንገድ የተሠሩ ዘፈኖችን እወዳለሁ። ያደግኩት በእነሱ ነው። ግን ሌላም መንገድ አለ። እንዲያውም የቆየው እሱ ነው፤ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩትም ስለሱ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዘፈን እሠራለሁ። አልበም የለኝም። መድረክ ላይ የወጣሁባቸው ምሽቶች ጥቂት ናቸው። ኑሮዬን የምገፋው በፋርማሲ ሥራ ነው። ሆኖም አንቺ ማነሽ ብትሉኝ መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው «ዘፈን እሠራለሁ» የሚለው ነው።

ያደግኩት ደሴ ነው። ወሎ ውስጥ ጆሮ ሥራ አይፈታም። ባቲና አምባሰል ለሌላው ሰው የቅኝት፣ ዜማ የሚሄድበት የድምፅ አደራደር፣ ስም ናቸው፤ ለእኛ ግን ዘመድ የምንጠይቅባቸው አገሮችም ናቸው። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ማሕሌት ይሰማል። በመውሊድ ሰሞን ደግሞ ከጎረቤት መንዙማው ከነድቤው ይመጣል። ማሪቱ ለገሰ በሬዲዮ አምባሰልን ስትጫወት ቤቱ ዝም ይላል። ቡና የምትቀዳዋ እንኳ ጀበናውን ይዛ ትቆያለች።

ግን መጀመሪያ የማውቃት ዘፈን ሠሪ እናቴ ናት። ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉር ነበር። እንዝርቱ ይሽከረከራል፣ ድምጿ ከአፏ ብዙም አይርቅም። ግጥሙ በየቀኑ ይለያያል። አንድ ቀን ስለ ሞተችው እህቷ ነው፣ አንድ ቀን ስለ ጤፍ ዋጋ፣ አንዳንዴም ስሙን ስለማትጠራው ሰው። ጠጋ ብዬ «እማዬ፣ ምን አልሽ?» ስላት «ምንም አላልኩ፣ ሂጂ ተጫወቺ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለእኔ ያለችው ነገር አልነበረም። ግጥሙን የምታወጣውም፣ ዜማውን የምታወጣውም፣ የምትሰማውም እሷው ነበረች።

በአገራችን እንዲህ ያለ ዘፋኝ ስንት አለ! ወፍጮ ላይ የተደፋች ሴት፣ ልጇን እሹሩሩ የምትል እናት፣ ለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርድ፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ። ነገሥታቱ እንኳ የአገሩን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛው የሌላ ሰው ግጥም ቢያንጎራጉር ኖሮ ያ ጥያቄ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

አዝማሪውም እንደዚሁ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ማሲንቆ፣ ማሲንቆው ላይ ደግሞ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር። ግጥሙን ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ያነበዋል። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ከሰጠውም እዚያው ዜማው ላይ አስቀምጦ ይመልስለታል። ካዛንቺስ በአዝማሪ ቤት በተሞላበት ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር እየሄድኩ ጥግ እይዝ ነበር። እነሱ ይስቃሉ፣ እስክስታ ይወርዳሉ። እኔ የአዝማሪዋን አፍ ነበር የማየው። ስንኙ በጆሮዋ ገብቶ በአፏ እስኪወጣ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ ምን እንደምታደርገው ማወቅ እፈልግ ነበር። ዛሬም እፈልጋለሁ።

ክራር ያስያዙኝ ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ክራር ይመቱ ነበር። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ እየተቀመጥኩ ስሰማቸው ከርሜ፣ አንድ ቀን ጠርተው ክራሩን ጭኔ ላይ አደረጉልኝ። መምታት አላስተማሩኝም። መቃኘት ነበር ያስተማሩኝ። ስድስቱንም ክሮች አላልተው «በይ ትዝታን ፈልጊልኝ» ይላሉ። ፈልጌ ሳገኘው እንደገና ያላሉታል። «አሁን ባቲን።» ክራር ላይ አምስት ድምፅ ነው ያለው፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን በሌላ ከፍታ ይደግማል። ስለዚህ ቅኝት ለመለወጥ ክሮቹን እንደገና ማጥበቅና ማላላት ግድ ነው። ትዝታ ላይ ከሆንሽ ትዝታ ላይ ነሽ።

«ሳትቃኚ አፍሽን አትክፈቺ» ይሉኝ ነበር ጋሼ። ይሄ ነገር ከእኔ ጋር ቀርቷል። ዛሬም ዘፈን ከመጀመሬ በፊት ለረጅም ጊዜ እቃኛለሁ። ብዙ ዜማ የመጣልኝ በዚያ መሃል ነው። ክሩ ወደ ቦታው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የሚያሰማው ድምፅ አለ። የትኛውም ቅኝት ውስጥ የለም፤ ጆሮን ግን ይጎትታል። እሱን ተከትዬ ስሄድ አንድ ነገር አገኛለሁ።

ታዲያ ሥራው መቼ ተከፋፈለ? እንደኔ እንደኔ፣ ሙዚቃ መሥሪያ ቤት ሲገባ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አምጥተው የነሐስ ባንድ አቋቋሙ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከጣልያን በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር የየራሳቸው ኦርኬስትራ ነበራቸው። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ተከፈተ። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ሆነ፤ ብዙው ደግሞ ወታደር ነበር። ያ ሁሉ ሰው ሳክስፎንና ትራምፔት ይዞ አብሮ እንዲጫወት ኖታ የሚጽፍለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ማቀናበር ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ግጥም ጻፊው ለብቻው፣ ዜማ አውጪው ለብቻው፣ ድምፃዊው ለብቻው ቆመ።

ከዚህ አሠራር የወጣው ሙዚቃ ታላቅ ነው። ጥላሁን ገሠሠን የሚያህል ሰው የወጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን ክራሩን ይዞ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው አልጠፋም። ካሣ ተሰማ የክቡር ዘበኛ ባልደረባ ነበር። የሱን ድምፅ ስሰማ ከኋላው ኦርኬስትራ አለመኖሩ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አስናቀች ወርቁ የታወቀች የቴአትር ተዋናይ ነበረች፤ ክራሯን ካነሣች ግን መድረኩ ላይ ሌላ ሰው አያስፈልጋትም ነበር። ስንኝ በእሷ አፍ ሲወጣ የሰው ፊት ላይ ይደርሳል። ወጣት ዘፋኝ ሲያገኘኝ «አስናቀችን ስማ» የምለው ለዚህ ነው። ድምፅ ለማማር አይደለም የምትጠቀምበት፤ አንድ ሰው ፊቷ ቁጭ ብሎ የምትነግረው ይመስላል።

ሸክላ ማሳተምም እንደዚሁ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነበር። በንጉሡ ትእዛዝ መብቱ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበረ አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ አምሃ እሸቴ፣ ያንን ትእዛዝ አልፎ በራሱ ገንዘብ ሸክላ አሳተመ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ሸክላው የታተመው ህንድ አገር ነው። እስር ሊመጣ ይችል ነበር፤ አልመጣም። እስከ 1975 ድረስ በአምሃ ሬከርድስ ስም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች ወጡ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ ከሚሰማው ሙዚቃ ብዙው የዚህ አንድ ወጣት ድፍረት ነው። ፈቃድ እስኪሰጠው ቢጠብቅ ኖሮ ስንቱ ድምፅ ሳይቀረጽ ይቀር ነበር? ይህን ሳስብ እጄ ወደ ክራሩ ይሄዳል።

አሁን አንድ ዘፈን እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ።

የምሠራበት ፋርማሲ አንዳንዴ ተረኛ ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል ማለት ነው። በሩ ይዘጋና ሰው በፍርግርጉ መስኮት ይስተናገዳል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚመጣ ሰው ጨንቆት ነው የሚመጣው። ትኩሳት ያለበት ሕፃን የታቀፈ አባት አለ። አስም የተነሣባት እናቷን ቤት ትታ የመጣች ልጅ አለች። ማዘዣውን በፍርግርጉ ያቀብሉኛል፤ መድኃኒቱን አቀብላለሁ፤ አወሳሰዱን ደጋግሜ እነግራለሁ። ከዚያ ጭር ይላል። ከአንዱ ሰው እስከ ሌላው ባለው ጊዜ ነው የምጽፈው፤ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ። ዜማ ከመጣ ደግሞ ስልኬን አፌ ላይ አድርጌ አንጎራጉራለሁ።

አንድ ሌሊት እንዲህ የሚል መጣልኝ፦

የሰው ሕመም ይዤ ሌሊቱን ሳነጋ፣
የኔ ልብ ያለቅሳል ሐዘኑ ሳይረጋ።

ቤት ይመታል። በወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም እየሆነ ይሄዳል። ላሳየሁት ሁሉ ጥሩ ነው ይባል ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ግን የኔ አልነበረም። የሚያለቅስ ልብ በየዘፈኑ አለ። የመጀመሪያው ስንኝ ፋርማሲ ውስጥ ነው ያለው፤ መብራቱ፣ መደርደሪያው፣ የአልኮሉ ሽታ ይታየኛል። ሁለተኛው የት እንዳለ አላውቅም። ስለዚህ ዘፈኑን አስቀመጥኩት። ያልበሰለ ስንኝ ላይ ዜማ ማውጣት አልወድም፤ ዜማው ያማረ እንደሆነ ስንኙን መቀየር ያሳዝናል።

ከርሞ ከርሞ በአንዱ ተረኛ ሌሊት መስኮቱ ላይ ሰው ተደራረበ። ከሁሉም ኋላ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። ሰዉ ሁሉ ይቀድማታል፤ እሷ ዝም። ሁሉም ሄዶ ብቻዋን ስትቀር «እናቴ፣ ምን ልስጥዎት?» አልኳት። «እነሱ ይቅደሙ ብዬ ነው ልጄ፣ የኔ ይቆያል» አለችኝ። የያዘችው የራሷን ማዘዣ ነበር። መድኃኒቷን ተቀብላ ከመንገድ ሳትሻገር ጻፍኩት፦

የሰው ሕመም ይዤ ሌሊቱን ሳነጋ፣
የኔ ቁስል ቆሟል ተራውን ፍለጋ።

አሁን ሁለቱም ስንኞች አንድ ቤት ገቡ። ቁስሉ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሴትዮዋን አያያትም፤ ግን የሆነ ሰው እዚያ እንደቆመ ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ።

ዜማው ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። መጀመሪያ በትዝታ ሞከርኩት። በትዝታ ግን ቁስሉ ለራሱ ማዘን ጀመረ። ሴትዮዋ እንደዚያ አልነበረችም። በባቲ አማረ፣ በጣም አማረ፤ ወረፋው ግን ጠፋ፣ ዘፈኑ መንገድ ጀመረ። ያረፈው አምባሰል ላይ ነው። በአምባሰል የመነሻው ድምፅና ቀጥሎ ያለው ድምፅ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። ከእነሱ ቀጥሎ ሰፊ ክፍተት አለ። «ቆሟል» የሚለውን በሁለቱ ቅርብ ድምፆች መካከል አመላለስኩት። ዜማው መሄድ እየፈለገ የማይሄድ ሆነ። «ፍለጋ» ላይ ስደርስ ክፍተቱን ዘለልኩት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ያንኑ ዝላይ እየደጋገምኩ ነጋ። ሰው ሲያጨበጭብ የሚመጣ ደስታ አለ፤ ቀምሼዋለሁ፣ መልካም ነገር ነው። ይሄኛው ግን ከዚያ በፊት ያለ ነው። ትናንት በዓለም ላይ ያልነበረ ነገር ዛሬ አለ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አልከፈለኝም፣ ማንም ገና አልሰማውም። እና አለ። ይህን ደስታ አንዴ ያገኘ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢፈልገው አይገርመኝም። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

ቀረጻው የኪራይ ክፍሌ ውስጥ ነው የሚደረገው። ቁም ሳጥኑን እከፍትና ልብሶቹ መሃል ማይኩን አስቀምጣለሁ፤ ከኋላዬ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ። ጨርቅ ድምፅ ይመጥጣል፤ ባዶ ግድግዳ ይመልሳል። አንድ ማይክ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ሄድፎን ነው ያለኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ አሥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው። ከዚያ በፊት መኪናና ውሻ አለ፤ ከዚያ በኋላ አዛንና ቅዳሴ ይጀምራል። ክራሩን መጀመሪያ እቀዳለሁ፣ ድምፄን በላዩ። መብራት ከጠፋ ይነጋል፣ ነገም ሌሊት ነው።

ከግድግዳው ወዲያ አከራዬ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ዓረብ አገር ሠርታ ነው ቤቱን የምታኖረው፤ የእሷን ልጅ የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ሌሊት ስዘፍን እረብሻቸዋለሁ ብዬ ድምፄን ቀነስ አደርግ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ልብስ እያጠቡ ሲያንጎራጉሩ ሰማሁ። የኔ ዘፈን ነው። አምባሰሉ ልክ ነው፤ ዝላዩም ቦታው ላይ ነው። ስንኙ ግን እንዲህ ሆኗል፦

የልጅ ልጅ ታቅፌ ሌሊቱን ሳነጋ፣
የኔ ቁስል ቆሟል ተራውን ፍለጋ።

ስድስቱ ስድስት ነው፤ አንድ ቀለም አልጎደለም። «እትዬ፣ ይሄንን እርስዎ ነዎት ያወጡት?» ብላቸው «ኧረ አንቺ ነሽ እንጂ፣ በግድግዳው የሰማሁት እንደዚህ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሌሊት ድምፄን ቀንሼ አላውቅም። የሳቸውን ስንኝ ሁለተኛ አንጓ አድርጌ ዘፈኑ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አስፈቅጃቸው ነው። ሲቀርጽ ያየሁት ትልቅ ስቱዲዮ አለ፣ ያየኋቸው ጎበዝ አቀናባሪዎች አሉ። ለአንድ ዘፈን ይህን ያህል የሚሰጥ ነገር ግን ገና አላጋጠመኝም።

ብቻቸውን ከሠሩት ሰዎች መካከል ሁለቱ ሁልጊዜ አብረውኝ ናቸው።

አንዷ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። ሁላችንም የምናውቃቸው በፒያኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። በኋላ ካይሮ ሙዚቃ አጠኑ፤ ከዚያ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፣ በባዶ እግራቸውም ለዓመታት ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች ነበር። ግን ብዙዎቻችን ያላወቅነው ነገር ነበር። እማሆይ ይዘፍኑም ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዳቸው በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ ላይ ተቀምጠው ራሳቸው የጻፏቸውን የአማርኛ ዘፈኖች በካሴት ቀድተው አስቀምጠው ነበር። እነዚያ ዘፈኖች በአልበም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ እሳቸው በ99 ዓመታቸው ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ። ስሰማቸው ከውጭ የወፍ ድምፅ ይገባል። ስቱዲዮ አይደለም፣ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ድምፃቸው አያጌጥም። አገር፣ ናፍቆት፣ ደመና ነው የሚዘፍኑት። እኒህ ሴት ያን ሁሉ ዓመት እነዚያን ዘፈኖች ለማን ነበር ያስቀመጧቸው? ለማንም ይሁን፣ መሥራቱን ግን አልተዉትም።

ሌላው ጋሽ ኃይሉ መርጊያ ናቸው። እሳቸው ድምፃዊ አይደሉም፤ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ናቸው። ከዋልያስ ባንድ ጋር ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውተው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው፣ አኮርዲዮኑንም ሲንቴሳይዘሩንም ሪትም ማሽኑንም ራሳቸው እየተጫወቱ አንድ ካሴት ሠሩ። ከዚያ ታክሲ ነጂ ሆኑ። የዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ተራቸው እስኪደርስ ሲጠብቁ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ያቺ ካሴት ባሕር ዳር ከተማ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገባችና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመች። ጋሽ ኃይሉ በስልሳዎቹ ዕድሜያቸው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጡ። ሰዉ ይህን ታሪክ ሲያወራ መጨረሻውን ነው የሚወደው። እኔን የሚይዘኝ መሃሉ ነው። ካሴቷ እንደምትገኝ ሳያውቁ፣ ማንም እንደሚመለስላቸው ሳያውቁ፣ ታክሲያቸው ውስጥ ስኬል የሚመቱባቸው ዓመታት። ተረኛ ሌሊት ላይ ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ።

«መቼ ነው አልበሙ?» የሚለኝ ሰው በፍቅር ነው የሚጠይቀኝ፣ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ዘፈኖቼን ይዤ አንድ አሳታሚ ጋ ሄጄ ነበር። በትህትና ሰማኝ። «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ግን ጭፈራ የለውም፤ አንድ ሁለት ሞቅ ያለ ግጥም ከሰው እንግዛ» አለኝ። ለሱ ገበያው እንደዚያ ነው፤ አልቀየምኩትም። ግን ከቢሮው ስወጣ ልቤ ቁርጥ አድርጎ አወቀ። የኔን ስንኝ አውጥቼ የሌላ ሰው ካስገባሁ የሚቀረው ድምፄ ብቻ ነው። ድምፅ ደግሞ እኔ ውስጥ ካለው ትንሹ ነገር ነው።

ገንዘቡ ቀላል ነገር ነው አልልም። ዘፈን ማቀናበር፣ ሚክስ ማስደረግ፣ ክሊፕ መሥራት አንድ ላይ ሲደመር ከደመወዜ ጋር አይተያይም። ለዚህ ነው በራሴ መሥራት የተማርኩት። ሌሎችም እየተማሩ ነው። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 ነጸብራቅን ይዞ ሲመጣ ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅንብሩንም ራሱ ሠርቶ ነበር፤ ያንን የሰማ ወጣት ሁሉ እቤቱ ኮምፒውተር ከፈተ ማለት ይቻላል። ነፍሱን ይማረውና ኤልያስ መልካ ከጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ አፕ ያመጣው ሠሪው ከሥራው እንዲያገኝ ብሎ ነው። ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራህ ወጥ ከሆነና ከተጻፈ ወይም ከተቀረጸ ይጠበቃል ይላል፤ ጥራቱንም ዓላማውንም አይጠይቅም። ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀረጸ ዘፈንም ዘፈን ነው። ወጣቶች ሆይ፣ ረቂቃችሁን ከነቀኑ አስቀምጡ።

እኔ ደግሞ አንድ ልማድ እንዲመለስ እመኛለሁ። ቡና ሲጠጣ፣ ጓደኛ ሲሰበሰብ፣ ሰው የራሱን ስንኝ ቢያሰማ። ጥሩ ድምፅ አያስፈልግም። በየስልካችሁ ውስጥ ለማንም ያላሰማችሁት እንጉርጉሮ እንዳለ አውቃለሁ፤ ዘፈን እሠራለሁ ስል ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «እኔም እኮ አንዳንዴ...» የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። የባንክ ሠራተኛ ነው፣ ነርስ ናት፣ ሹፌር ነው። አሰሙን!

አሁን የያዝኩት በአንቺ ሆዬ የሚሄድ ነው። አንቺ ሆዬ ከአራቱ ቅኝቶች ለድምፅ በጣም የሚያስቸግረኝ ነው፤ ቅርብ ቅርብ ድምፆች ሁለት ቦታ ላይ አሉበት፣ ትንሽ ከሸሸሁ ዜማው ሌላ ቅኝት ውስጥ ይገባብኛል። ዘፈኑ ስለ ደሴ መንገድ ነው። «ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲሸፍን መንገዱን» ብሎ ይጀምርና ሁለተኛው ስንኝ እስካሁን አልመጣም። ክራሩ ብቻውን አልበቃውም፤ ማሲንቆ ይፈልጋል፣ ማሲንቆ ደግሞ አልችልም። እዚህ አዲስ አበባ የሚመታ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። በዚህ ወር ቅዳሜና እሑድ ተረኛ አይደለሁም።